«ጨጓራዬ ነው»

ሜትሩን የተዋስኩት ከልብስ ሰፊ ነው። ቢጫ ነው፣ ጫፉ ተላጧል። ሁሩታ ገበያ ዳር ከምትሰፋ ጎረቤቴ «ለአንድ ሳምንት» ብዬ ወስጄው ይኸው ወራት ቆጠረ፤ እሷም መጠየቅ ትታለች። ሴቶቹ ግን ወገባቸው ላይ ሳዞረው ዛሬም ይስቃሉ። «ቀሚስ ልታሰፊልኝ ነው እንዴ ሲስተር?»

የስኳር ክትትል ቀን ማልደው ነው የሚመጡት። ከሎዴ ሄጦሳ ገጠር ቀበሌዎች በጋሪ፣ ከከተማው በባጃጅ፣ የቀረው በእግሩ። ቁርስ ስላልቀመሱ ወረፋ ላይ ይነጫነጫሉ፤ የገበያ ቀን ከሆነማ ዕቃውን ለልጅ አደራ ብለው ስለመጡ ዓይናቸው በር በሩን ነው። ጣታቸውን ይዘረጋሉ፣ እወጋለሁ፣ ስትሪፑ ላይ ጠብታ ይወድቃል፣ መለኪያው ይቆጥራል። ከዚያ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ «ስኳሬ ስንት ነው?» 130 ካልኩ አንዷ «ተመስገን»፣ ሌላዋ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ካርዷን ለመቀበል ትነሳለች። 210 ካልኩ ኑዛዜው ይጀምራል፤ ሠርግ ነበር፣ ለቅሶ ነበር፣ እንግዳ መጣብኝ። በቀረው ነገር፣ በግፊቱም በወገቡም በድካሙም፣ ማንም አይናዘዝም። እንዲህ ያስለመድናቸው እኛው ነን።

በሽታው «ስኳር» ተብሎ ስለተጠራ ሁላችንም ስኳሩን ብቻ እናያለን። ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ያለበትን ሰው በዓለም ዙሪያ በብዛት የሚገድለው ግን ልብና የደም ሥር ነው። ጫናው ደግሞ በሴቷ ላይ ይከብዳል። ሴት እስከምታርጥ ድረስ ልቧ ከወንድ ይልቅ የተጠበቀ እንደሆነ የቆየ እውቀት ነው፤ ሕመሙ የሚደርስባት ከወንዱ ዘግይቶ ነው። ስኳር ይህን ዕድል ይነጥቃታል። በአሜሪካ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ነዋሪዎችን ሲከታተሉ የኖሩት ተመራማሪዎች፣ ከእነሱም ዊልያም ካኔል፣ ነገሩን በ1979 ጽፈውታል። በ2014 ደግሞ 64 ጥናቶች፣ በድምሩ ከ858,000 በላይ ሰዎች፣ አንድ ላይ ተደምረው ታዩ። ስኳር ያለበት ወንድ ከሌለበት ወንድ ጋር ሲነጻጸር የልብ ደም ሥር ሕመም አደጋው ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ስኳር ያለባት ሴት ከሌለባት ሴት ጋር ስትነጻጸር ግን ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ይህን ስናገር ወንዶቹ ታካሚዎቼ ደስ ይላቸዋል፤ ደስ አይበላቸው፣ የእነሱ መነሻ ቀድሞውንም ከፍ ያለ ነው።

ለምን ይሆን? አንዱ ማብራሪያ መንገዱ ለሴት ይረዝማል የሚል ነው። ወንድ ትንሽ ቦርጭ ሲያወጣ ስኳር ሊይዘው ይችላል። የሴት ሰውነት ስብን በዳሌና በጭን ማስቀመጥ ስለሚችል ለረጅም ጊዜ ይቋቋማል። ተቋቁሞ ተቋቁሞ «ስኳር አለብሽ» በምትባልበት ቀን ግን ግፊቱ ወጥቷል፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ወርዷል፣ ወገቡ ሰፍቷል፤ የደም ሥሩ ከዓመታት በፊት ጀምሮ ሲጎዳ ኖሯል። ሜትሩ ለዚህ ነው። ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው። እኔ ራሴ 86 ነኝ፤ ይህን የምታውቀው ልብስ ሰፊዋ ብቻ ነበረች።

አሁን የማልወደውን ታሪክ ልንገራችሁ። ከሁሩታ በፊት በሠራሁበት ቦታ ነው የሆነው። አንዲት እናት ነበሩ፣ ሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ሁሌም ቀጠሮ አክባሪ። አንድ ቀን ቀጠሯቸው ሳይደርስ መጡ። «እዚህ ጋ ያቃጥለኛል» ብለው መዳፋቸውን ከደረታቸው ሥር አሳረፉ። «ምግብ አስጠልቶኛል። ደግሞ ይደክመኛል። ጨጓራዬ ነው።» ስኳራቸውን ለካሁ፤ 118። ደስ አለኝ። ግፊት መለኪያው ማዋለጃ ክፍል ነበር፤ ሄጄ ላምጣው ብል ወረፋው ረጅም ነው። የጨጓራ መድኃኒት፣ ኦሜፕራዞል፣ ተጻፈላቸው፣ እኔም ካርዱ ላይ «ስኳር ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ባለቤታቸው መጡ። በጥቁር ፌስታል የስኳር ኪኒናቸውን፣ ሜትፎርሚኑን፣ ይዘዋል፣ አንዱ ፓኬት ገና አልተከፈተም። «ሌላ ሰው ይጠቀምበት» ብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። እናትየዋ ሌሊት ላብ በላብ ሆነው፣ «ጨጓራዬ ነው፣ ይተወኛል» እያሉ ነበር ያለፉት።

ካርዱን አውጥቼ አየሁት። የስኳሩ ዓምድ ከላይ እስከ ታች ሞልቷል። የግፊቱ ዓምድ ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ቁጥር ብቻ ነበር። ሁለቱም ከ150 በላይ።

ጨጓራ በአገራችን ሰፊ ቃል ነው። ቃሩም፣ ማቅለሽለሹም፣ ብስጭቱም ጨጓራ ነው። በኦሮምኛም ብትጠይቁ «ገራቻ» ይሏችኋል፣ እጅ ያው አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። ችግሩ፣ የታፈነ ልብም ሕመሙን ብዙ ጊዜ የሚልከው እዚያው ነው። በሴት ላይ ደግሞ ደረትን ጨምድዶ የሚይዘው ሕመም ሳይኖር ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽና የጀርባ ወይም የመንጋጋ ሕመም ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። በዚህ ላይ ስኳር ነርቭን ያደነዝዛል፤ እግሯን እሾህ ሲወጋት የማይሰማት ሴት የልቧም ጩኸት ቀጭን ሆኖ ነው የሚሰማት። ስለዚህ አሁን «የት ነው የሚያምሽ?» ብዬ አልጀምርም። «ጀሪካን ይዘሽ ዳገቱን ስትወጪ ስንት ቦታ ትቆሚያለሽ? አምና ስንት ቦታ ነበር የምትቆሚው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ጨጓራ ከምግብ ጋር ይቆጣል፤ ልብ ከዳገት ጋር። ሁልጊዜ አይደለም፤ ግን ልብን ከነጭራሹ ከመርሳት ይሻላል።

ግፊት መለካትም ቀላል የሚመስል፣ ግን የሚያሳስት ሥራ ነው። ሁሩታ ይበርዳል። ሴቶቹ ሹራብ ላይ ሹራብ ደርበው፣ ከላይ ጋቢ ጣል አድርገው ይመጣሉ። እጅጌው አይጠቀለልም፣ ቢጠቀለል ክንድን ያንቃል። «በላዩ ላይ ለኪኝ» ይላሉ፤ ወረፋው ሲረዝም እኔም እፈተናለሁ። ጋሪ አናውጦት የመጣ ሰው አምስት ደቂቃ አርፎ፣ እግሩን ሳያነባብር፣ ክንዱ ባዶ ሆኖ ካልተለካ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ግፊቱን ከሁሉም በኋላ እለካለሁ፣ ሹራባቸውንም ገና ሲገቡ አስወልቃለሁ። እስኪለመድ ድረስ ስንት ነገር ተባለብኝ!

እዚህ ላይ ድርቅ የምለው ያለምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝ የወጣ ትልቅ ጥናት ስኳር ያለባቸውን ሰዎች ለዓመታት ተከታትሎ ነበር። ስኳሩን አጥብቆ መያዝ ዓይንንና ኩላሊትን ሲጠብቅ ታየ፤ በልብ ላይ ያሳየው ጥቅም ግን እርግጠኛ የሚያሰኝ አልነበረም። ግፊቱን አጥብቀው የያዙላቸው ታካሚዎች ግን ስትሮካቸው በ44 በመቶ፣ ከስኳር ጋር የተያያዘ ሞታቸው በ32 በመቶ ቀነሰ። ስትሪፕ አለቀ ተብሎ የሚነሳውን ጩኸት አውቀዋለሁ፣ እኔም እጮሃለሁ። ግፊት መለኪያው ተበላሸ ተብሎ ግን ያን ያህል ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም።

ማንም የማይጠይቃቸው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ስለ ወሊዳቸው። «እርጉዝ ሆነሽ ግፊት ነበረብሽ? ስኳርስ ታይቶብሽ ነበር?» በእርግዝና ጊዜ ስኳር የታየባት ሴት ኋላ ላይ ዓይነት ሁለት ስኳር የመያዝ ዕድሏ ሰባት እጥፍ ገደማ ነው። ፕሪኤክላምፕሲያ፣ ማለትም የእርግዝና ግፊት ከሽንት ፕሮቲን ጋር የታየባት ደግሞ ለልብ ሕመም ያላት ተጋላጭነት እጥፍ ይሆናል። እናቶቹ ያስታውሳሉ። «በሦስተኛው ልጄ አንቀጥቅጦኝ አሰላ ወስደውኛል» ትላለች አንዷ፣ ልጁ አሁን ጎረምሳ ሆኖ ጋሪ ይነዳል። ያ መረጃ የወሊድ ካርዱ ጋር ቀርቷል፤ የስኳር ካርዷ አያውቀውም።

ወጥ ቤቱን በተመለከተ ብዙ አልሰብክም። አርሲ ላይ ጭኮን የሚያህል ነገር የለም፤ ገብሱ ጥሩ እህል ነው፣ ቅቤው ነው የሚበዛው። «አትብሊ» ብል ውሸታም እሆናለሁ፣ እኔም እበላለሁ። «በማንኪያ ቁጠሪው» እላለሁ። የበለጠ የሚያሳስበኝ የሚረጋው ዘይት ነው፤ ርካሽ ስለሆነ ጀሪካን ሙሉ ይገዛል፣ ስቡ ግማሽ ያህሉ የደም ሥር የሚጎዳው ዓይነት ነው። ጨውም አለ፤ ገጠር ውስጥ ቡናውን ሳይቀር በጨው የሚጠጣ አለ።

ጾም ላይ ግን አጥብቄ እጠይቃለሁ። በረመዳንም በሁዳዴም ሴቶቹ ከስኳር ኪኒናቸው ጋር የግፊቱንም አብረው ያቋርጣሉ። «ጾም ላይ ነኝ» ማለት ለእነሱ መድኃኒቱም ጾመ ማለት ነው። ለረመዳን ግሊቤንክላሚድ የሚባለው የስኳር ኪኒን አደገኛ ነው፤ ቀን ላይ ስኳርን ወለል ድረስ ያወርዳል፣ ስለዚህ ጾሙ ሳይገባ ከሐኪም ጋር ማስተካከል ያስፈልጋል። የግፊቱ ኪኒን ግን ለአብዛኞቹ ማታ ሊዋጥ ይችላል፣ ምንም የሚያስቀረው የለም። ሌላው የኮሌስትሮል መድኃኒት ነው። ስኳር ያለበት ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሊታሰብለት የሚገባ መድኃኒት ሲሆን፣ ለሴቶቹ ሲጻፍ የማየው ከወንዶቹ ባነሰ ነው። ሲጻፍም ይመለሳል። «እኔ ቀጭን ነኝ፣ ስብ ከየት መጣ?» ለወጣቶቹ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ፤ የግፊቱ ኪኒን ኢናላፕሪልም ሆነ ይህ የኮሌስትሮል መድኃኒት ልታረግዝ ለምትችል ሴት እንዲሁ አይሰጥም፣ ቀድሞ መጠየቅ ነው።

ይህ ሁሉ የትልቅ ሆስፒታል ሥራ ነው የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ግን ጎንደር ላይ ዶክተር ሽታዬ ዓለሙ፣ ጅማ ላይ ዶክተር ዮሴፍ ማሞ፣ ከብሪታንያዊው ፕሮፌሰር ኤልድሪድ ፓሪ ጋር ሆነው የስኳር፣ የግፊትና የሚጥል በሽታ ክትትል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ወርዶ በነርስ እጅ ሊያዝ እንደሚችል ካሳዩ ቆይቷል። እንደኔ እንደኔ፣ እዚህ የሚያስፈልገን ዕቃ የሚሠራ ግፊት መለኪያና የልብስ ሰፊ ሜትር ነው።

ባለፈው አንዲት እናት መጡ፣ በርበሬ ነጋዴ። ሹራባቸውን አስወለቅኩ፤ ግፊቱ 172 በ100፣ ወገባቸው 97። «እማማ፣ ዳገቱ ላይ ስንት ቦታ ይቆማሉ?»

«አራት» አሉኝ። «አምና አንድ ነበር። ጨጓራዬ ነው ልጄ፣ ሲያልበኝ ቁጭ እላለሁ።»

ጤና መኮንኑን ጠራሁት። ልባቸውን አዳመጠ፣ አስፒሪን አኝከው እንዲውጡ አደረገና ለአሰላ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈ። የልብ መመርመሪያው ኢሲጂ ያለው እዚያ ነው። እሳቸው «ነገ ገበያ ነው፣ ከነገ ወዲያ ልሂድ» አሉ። ተከራከርን። በርበሬውን ምራታቸው እንድትይዝ ተስማማን፣ ልጃቸው በስልክ ተጠራ፣ የቀበሌያቸው ሰው ብር አበደራቸው። ሪፈሩን አራት አጣጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። መኪናው ውስጥ ገብተው በሩ ሊዘጋ ሲል በእጃቸው ያዙት።

«ስኳሬን እኮ አልነገርሽኝም።»

126 ነበር።