ገመናዬን በሰው ፊት? ስለ ቡድን የሥነ ልቦና ሕክምና የሚባለውና እውነታው

«የቡድን ሕክምና ብትጀምሪ ይጠቅምሻል» የተባለች ሴት መጀመሪያ የምታስበው ስለ ሕመሟ አይደለም፤ ስለ ገመናዋ ነው። ማን ይኖራል? የሚያውቀኝ ቢኖርስ? ወሬው የት ይደርሳል? ከጎረቤት፣ ከእድርና ከዘመድ ጋር ተሳስሮ ለሚኖር ሰው ይህ ፍርሃት አጉል አይደለም። ክፋቱ፣ በፍርሃቱ ላይ የተደራረቡት የተሳሳቱ ወሬዎች ብዙ ሰው ሊድንበት ከሚችለው ሕክምና እንዲሸሽ ማድረጋቸው ነው።

ተረት፦ «ምስጢሬ አደባባይ ይወጣል።»

እውነታ፦ ቡድኑ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሰው ነው፤ ደህና ባለሙያ ደግሞ ማንንም ከማስገባቱ በፊት ለብቻው ያነጋግራል። በመጀመሪያው ቀን ወንበሮቹ ክብ ሠርተው ይደረደራሉ፣ ስልክ ይዘጋል፣ ደንቡ ይነገራል፦ እዚህ የተሰማ ከዚህ በር አይወጣም። ስለ ራስ ለቤተሰብ ማውራት ይቻላል፤ የሌላውን ሰው ስምና ታሪክ ማንሳት ግን ለትዳር ጓደኛም ቢሆን አይፈቀድም። እርግጥ ባለሙያው በሙያ ሥነ ምግባር ሲታሰር፣ አባላቱን የሚይዛቸው በዋናነት የገቡት ቃል ነው። ይህን የሚደብቅ ባለሙያ አይታመንም። ስለዚህ ልብዎ ያልፈቀደውን አለመናገር መብትዎ ነው። በተለይ ሐበሻው እርስ በርሱ በሚተዋወቅባቸው የውጭ አገር ከተሞች ያሉ ሰዎች «የማውቀው ሰው ካለ ምን ይደረጋል?» ብለው አስቀድመው ቢጠይቁ ነውር የለውም። ወደ ሌላ ቡድን መዛወር ይቻላል።

ተረት፦ «አስገድደው ያናዝዙኛል።»

እውነታ፦ አያስገድዱም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በማዳመጥ ብቻ የሚያሳልፍ ሰው ብዙ ነው፤ ማዳመጡም ራሱ ይሠራል።

ተረት፦ «የራሴ ሳያንሰኝ የሌላውን ጭንቀት ልሸከም?»

እውነታ፦ የሕክምናው ጉልበት ያለው እዚሁ ላይ ነው። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ኧርቪን ያሎም በ1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ቡድን ሰውን የሚፈውስባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር፣ «ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም» የሚለውን ስሜት ከዋነኞቹ መካከል አስቀምጦታል። ልጇን ቀብራ ራሷን ስትወቅስ የኖረች እናት፣ ከፊቷ የተቀመጠች ሌላ እናት ያንኑ ወቀሳ በራሷ አፍ ስትናገር ብትሰማ፣ መቶ ጊዜ «ጥፋትሽ አይደለም» ከመባል የበለጠ ይገባታል። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ መስጠት ነው። «ለማንም አልረባም» የሚል ሰው የእሱ ቃል ሌላውን ሲያበረታ በዓይኑ ያያል። ሐኪም ለብቻው ተቀምጦ ይህን ሊሰጠው አይችልም።

ተረት፦ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለእኛ አይሆንም።»

እውነታ፦ ከጠንካራዎቹ ማስረጃዎች አንዱ የመጣው ከኡጋንዳ ገጠር ነው። ኤችአይቪ ክፉኛ በጎዳው የአገሪቱ ደቡብ ምዕራብ፣ በማሳካና ራካይ ወረዳዎች፣ 30 መንደሮች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ የቡድን ሕክምና አገኙ። ወንዶች ከወንዶች፣ ሴቶች ከሴቶች ጋር ሆነው በሳምንት አንድ ጊዜ ለ90 ደቂቃ ያህል፣ በአጠቃላይ 16 ጊዜ ተገናኙ። የመሯቸው ስልጠና የወሰዱ የአካባቢው ሰዎች እንጂ ሐኪሞች አልነበሩም። በየሳምንቱ እያንዳንዱ «ከባለፈው ወዲህ እንዴት ነበርክ?» ይባላል፤ ሐዘኑ ወይም ጠቡ ከስሜቱ ጋር እየተያያዘ ይነገራል፤ ሌሎቹም ምን ቢያደርግ እንደሚሻል ይመክራሉ። በ2003 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ውጤት ሲታይ፣ ሕክምናውን ካገኙት መካከል የከባድ ድባቴ መስፈርትን የሚያሟሉት 6.5 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። ካላገኙት መካከል ግን 54.7 በመቶው ገና በድባቴ ውስጥ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ ሕክምና በ8 ሳምንት ለመስጠት የሚያስችል መመሪያ አውጥቷል። ሐዘንተኛን ለቀናት ከብቦ ለሚቀመጥ ሕዝብ ይህ ባዕድ ነገር ነው ማለት ይከብደኛል። ልዩነቱ እዚህ «በቃ፣ አታልቅሺ» የሚል አለመኖሩ ነው።

ተረት፦ «ገንዘብ ለሌለው የተተወ ሁለተኛ ደረጃ ሕክምና ነው።»

እውነታ፦ ዋጋው መቀነሱ እውነት ነው፤ ለድባቴና ለጭንቀት ግን ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ውጤቱ ከግል ሕክምና ጋር ተቀራራቢ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚከታተሉም አሉ።

ተረት፦ «አንዴ ሄጄ ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም።»

እውነታ፦ የተቀበረ ነገር ሲነካ መጀመሪያ ያምማል። መተማመን በአንድ ቀን አይገነባም፤ የአንዱ ንግግር ሊያስቀይም፣ ቅሬታም ሊነሳ ይችላል። ያንን እዚያው ተነጋግሮ መፍታት የሕክምናው አካል ነው። ከመቅረትዎ በፊት ቅሬታዎን ለቡድኑ ወይም ለባለሙያው ይንገሩ።

ቡድን ለሁሉም፣ በማንኛውም ጊዜ ይሆናል ማለት ግን አይደለም። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ወይም ከእውነታው ዓለም የራቀ ሰው አስቀድሞ አስቸኳይ የግል ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ዛሬውኑ ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ። ሌሎቻችሁ ግን ባለሙያ ቡድንን ሲጠቁማችሁ ወዲያው እምቢ አትበሉ። ማን ይመራዋል? ስንት ሰው አለ? ለስንት ሳምንት ይቆያል? የምስጢር ደንቡ ምንድን ነው? እነዚህን ጠይቁና ከዚያ ወስኑ።