ዱቄት የማያውቁ ወፍጮዎች

«ወፍጮ» ሲባል መጀመሪያ የሚታወሰን የወፍጮ ቤቱ ጩኸትና ቅንድቡ ድረስ ዱቄት የለበሰው ባለወፍጮ ነው። በኔዘርላንድስ፣ ከሮተርዳም በስተ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በኪንደርዳይክ መንደር፣ በቦዮቹ ዳርና ዳር 19 የንፋስ ወፍጮዎች ተሰልፈው ቆመዋል። አንዳቸውም ግን እህል ለመፍጨት አልተሠሩም። ደቾች፣ ማለትም የአገሩ ሰዎች፣ በንፋስ የሚሽከረከረውን ሁሉ፣ ግንድ ቢሰነጥቅም ዘይት ቢጨምቅም፣ «ሞለን» ይሉታል። የእነዚህ ሥራ ውሃ ማውጣት ነው።

አካባቢው አልብላሰርዋርድ ይባላል። አፈሩ በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት በረግረግ ውስጥ የተከማቸ የሸምበቆና የሣር ቅሪት ነው፤ ውሃ እንደጠጣ ስፖንጅ ያበጠ። በመካከለኛው ዘመን የሰፈሩት ገበሬዎች ቦይ ቆፍረው ውሃውን ወደ ወንዝ ለቀቁት፣ መሬቱም ታረሰ። የደረቀው አፈር ግን ይኮማተራል፣ አየር ሲያገኝም ይበሰብሳል፤ እርሻው ዓመት በዓመት ዝቅ እያለ ሄደ። በዚያ ላይ ወንዞቹ በግድብ ታጥረው ደለላቸውን እዚያው እያነጠፉ ከፍ አሉ። ሰው መሬቱን ባደረቀው ቁጥር መሬቱ ይሰምጣል፤ በሰመጠ ቁጥር ደግሞ እንደገና ማድረቅ ግድ ይሆናል። እኔ ወፍጮዎቹን የማያቸው በዚህ ዓይን ነው፦ ለዘመናት ተከፍሎ የማያልቅ ዕዳ ከፋዮች ናቸው።

ዕዳውን አንድ ገበሬ ብቻውን አይችለውም። እ.ኤ.አ. በ1277 የሆላንዱ ኮንት ፍሎሪስ አምስተኛ የአካባቢው ሰዎች ዙሪያውን ያለውን የአፈር ግድብ በጋራ እንዲጠብቁ አደረገ፤ ከዚያ ወዲህ ውሃን የሚያስተዳድሩ ማኅበራት ከጎረቤት እስከ ጎረቤት ተዘረጉ። ያም ሆኖ በ1421 የቅድስት ኤልሳቤጥ ጎርፍ የሚባለው ማዕበል አካባቢውን አጥለቀለቀ። «ኪንደርዳይክ» ማለት የሕፃን ግድብ ማለት ነው፤ ከጎርፉ በኋላ ሕፃን የያዘ አልጋ ድመት ወዲያ ወዲህ እየዘለለች ሚዛኑን እየጠበቀችለት ዳር ደረሰ ይባላል።

በ18ኛው መቶ ዘመን ውሃው ወደ ሌክ ወንዝ በራሱ መውረድ አቃተው። በ1738 ስምንት ክብ የጡብ ወፍጮዎች፣ በ1740 ደግሞ ስምንት በሸምበቆ የተከደኑ ባለ ስምንት ማዕዘን ወፍጮዎች በአንድ አካባቢ ፊት ለፊት ቆሙ። ከዝቅተኛው ቦይ ውሃውን እያነሱ ከፍ ወዳለ ማጠራቀሚያ ይገፉታል፤ እዚያ ወንዙ እስኪጎድል ይጠብቃል፣ ሲጎድል በር ተከፍቶ ይለቀቃል።

አሠራሩን ልብ ብሎ ላየው ያስደንቃል። የክንፎቹ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 28 ሜትር ገደማ ነው፤ ሲዞሩ መሬቱን ሊነኩ ምንም አይቀራቸውም፣ ስለዚህ ልጅና ከብት ባለበት ግቢ ውስጥ አደገኞች ናቸው። ባለወፍጮው በየክንፉ እየወጣ ሸራ ይዘረጋል፤ ንፋሱ ሲበረታ መልሶ ይጠቀልላል። ከጀርባ የወረደውን ጭራ በመዘውር እየጎተተ አናቱን ከነክንፎቹ ወደ ንፋሱ ያዞራል። ከውስጥ የእንጨት ጥርሶች እርስ በርሳቸው ተነክሰው ኃይሉን በቋሚው ግንድ ወደ ታች ያወርዱታል፤ ጥርሶቹ የሚቀቡት ሰም፣ የክንፉ ዘንግ አንገት ደግሞ ሞራ ነው። ከታች ትልቅ ውሃ ቀጂ መንኮራኩር አለ። ውሃውን ገፍቶ አንዲት በር ያስከፍታል፤ መንኮራኩሩ ሲቆም ውሃው ራሱ በሯን ገፍቶ ይዘጋታል፣ ተመልሶ አይወርድም። ፍጥነቱን ባለወፍጮው የሚለካው በደቂቃ ስንት ክንፍ በፊቱ እንዳለፈ በመቁጠር ነው።

ባለወፍጮው ከነቤተሰቡ እዚያው ክንፎቹ ሥር ይኖራል። ንፋስ ሰዓት አይመርጥምና፣ ዝናብ በዘነበበት ሌሊት ንፋስ ከመጣ ተነስቶ ፍሬኑን ይለቃል። ይህን ሕይወት ሳስብ ከማሽኑ ይልቅ የሚገርመኝ ሰውየው ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን እንፋሎት መጣ፣ ቀጥሎ ናፍጣና ኤሌክትሪክ። በኔዘርላንድስ ወደ 10,000 ገደማ ደርሰው የነበሩት የንፋስና የውሃ ወፍጮዎች ዛሬ 1,200 ያህል ብቻ ቀርተዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነዳጅ ሲጠፋ ግን የኪንደርዳይክ ክንፎች እንደገና ሥራ ገቡ፣ እርሻውንም ከውሃ አወጡት። በ1997 ዩኔስኮ ቦታውን በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ በ2017 ደግሞ የባለወፍጮውን ሙያ ራሱን መዘገበ። ዛሬም በወፍጮዎቹ ውስጥ ሰው ይኖራል፣ ያዞራቸዋልም፤ ሳይዞር የቆመ የእንጨት ወፍጮ ቶሎ ያረጃልና።

ቆመውም ይናገራሉ። ከክንፎቹ አንዱ ወደ ላይ ቀጥ ከማለቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ከቆመ ደስታ ነው፤ ሠርግ አለ ወይም ልጅ ተወልዷል። ቀጥ ካለበት ጥቂት አልፎ ከቆመ ግን ሐዘን ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2014 ከአምስተርዳም የተነሳ አንድ አውሮፕላን ምሥራቅ ዩክሬን ላይ ተመትቶ 298 ሰዎች ሲያልቁ፣ አብዛኞቹ የኔዘርላንድስ ሰዎች ነበሩ። አገሩ የሐዘን ቀን ባወጀበት ዕለት ባለወፍጮዎች ክንፎቻቸውን አልፎ በሚቆመው አቅጣጫ አሰሩ።