የሱቅና የመጋዘን ሠራተኞችን ስለ ማሠልጠን

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና ባለው የንግድ መሥመር፣ አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ ሥራ የሚጀምርበት ሥርዓት ከሱቅ ሱቅ ብዙ አይለያይም። ልጁ በማለዳ ይመጣል፤ ባለቤቱ ከነባሩ ሠራተኛ ጋር ያስተዋውቀዋል፤ «እያየህ ልመድ» ይባላል፤ በዚያው ይለቀቃል። ነባሩ ሠራተኛ ደግና ታጋሽ ከሆነ፣ ጊዜም ካገኘ፣ ልጁ ከጥቂት ወራት በኋላ ሥራውን ይይዛል። ይህ ካልሆነ ግን ሚዛኑን፣ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያውን፣ የዕቃውን አደራደርና የደንበኛውን ጠባይ የሚማረው የባለቤቱን ገንዘብ እያጠፋ ነው። ጥፋቱ ጥቂት በጥቂት የሚደርስ ስለ ሆነ በአንድ ቀን ሒሳብ ላይ አይታይም፤ ስለዚህም ማንም አይደነግጥበትም። በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ሲደረግ ግን ጊዜው ያለፈበት ብስኩት ከመደርደሪያው ጀርባ ይገኛል፤ መዝገቡና ዕቃው አይገናኙም፤ ወቀሳውም በልጁ ላይ ይወድቃል።

በአስመጪው ቤት ነገሩ ይከብዳል። የሰነድ ሠራተኛው በዲክላራሲዮኑ ላይ የዕቃውን የታሪፍ ቁጥር አሳስቶ ቢያስገባ፣ ወይም በኢንቮይሱ ላይ ያለው የዕቃ ስም በሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ላይ ከተጻፈው ጋር ባይስማማ፣ ባንኩ ሰነዱን ይመልሳል፤ ኮንቴይነሩ በሞጆ ደረቅ ወደብ ይቀመጣል፤ የማከማቻው ኪራይ በየቀኑ ይቈጠራል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ መወሰን ስለ ጀመረ፣ በስሕተት የሚባክን ቀን ከኪራዩ ሌላ የምንዛሪ ልዩነትም ሊያስከትል ይችላል። ብዙ ቤቶች ይህን ሁሉ ለትራንዚተሩ ትተው ይኖራሉ። ትራንዚተሩ ግን የሚሠራው ከቢሮው በተሰጠው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ከመነሻው የተሳሳተ ከሆነ ብልሃቱ ብዙ አይረዳም።

ሥልጠና አስፈላጊ መሆኑን የተረዱት ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ የሚያደርጉት ሠራተኞቻቸውን ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ወደ አንድ አዳራሽ መላክ ነው። በዚያም ንግግር ይሰማሉ፤ ሻይ ይጠጣሉ፤ በመጨረሻው ቀን የምስክር ወረቀት ይቀበላሉ። «ሥልጠናው እንዴት ነበር?» ተብለው ሲጠየቁ «ጥሩ ነበር» ብለው ይጽፋሉ። አሜሪካዊው ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ባወጣው ጽሑፍ ሥልጠና በአራት ደረጃ ሊመዘን እንደሚገባ አስረድቶ ነበር፤ ይኸውም ሠልጣኙ ወደደው ወይ? ዐወቀው ወይ? ወደ ሥራው ተመልሶ ሠራበት ወይ? ድርጅቱስ ከዚያ ምን ተጠቀመ? የሚሉት ናቸው። እኛ ዘንድ የሚመዘነው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ብቻ ነው። ገንዘቡን የከፈለው ነጋዴ ግን የሚፈልገው አራተኛውን ነው።

የመውደድ ነገር ደግሞ እንደሚያታልል የሚያሳይ አንድ ምርመራ አለ። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ሠራተኞቹን በመጻፊያ መኪና ፊደል ሰሌዳ ለማሠልጠን በፈለገ ጊዜ ባድሌይና ሎንግማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ፖስተኞቹን በቡድን ከፈሏቸው፤ ውጤቱም በ1978 ታተመ። አንደኛው ቡድን በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ሲማር ሌላው በቀን አራት ሰዓት ተማረ። በቀን አንድ ሰዓት የተማሩት ሰሌዳውን ለማወቅ በጠቅላላው 35 ሰዓት ያህል ሲበቃቸው፣ አራት ሰዓት የተማሩት 50 ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ቅር የተሰኙት እነዚያው በጥቂት ሰዓት የተማሩት ነበሩ፤ ቀኑ ስለ ረዘመባቸው ጓደኞቻቸው የቀደሟቸው መሰላቸው። እዚህ ላይ ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ለየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማስተማር ቀኑን ያረዝማል እንጂ ከሥራ የሚወሰደውን ሰዓት ይቀንሳል፤ ሱቁን ዘግቶ ሠራተኛ ለሚልክ ባለቤት ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም።

ምክንያቱም የታወቀ ነው። ኤቢንግሃውስ የተባለው የጀርመን ሊቅ በ1885 ባሳተመው ጥናት ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ራሱ እያጠና የመርሳቱን ፍጥነት ለካ። ያጠናውን ከግማሽ የሚበልጥ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥ እንደ ረሳው አገኘ። ትርጉም ያለው ትምህርት እንዲህ በፍጥነት አይጠፋም፤ ነገር ግን ያልተከለሰ ትምህርት መጥፋቱ አይቀርም። ይህን የአገራችን የአብነት ትምህርት ቤት ከኤቢንግሃውስ አስቀድሞ ዐውቆት ነበር። ተማሪው የትናንቱን ቀለም ሳይከልስ አዲስ ቀለም አይቀጽልም፤ የኔታ ፊት ቀርቦ በቃሉ ያሰማል፤ በተሳሳተበት ይታረማል፤ አንድ ደረጃ የቀደመው ተማሪ የኋለኛውን ያስቀጽላል፤ እያስቀጸለም የራሱን ያጸናል። ሥርዓቱ ከባድ ነው፤ ለንግድ ቤትም እንዳለ አይወሰድም። ዳሩ ግን ተማሪው ምን ያህል እንደ ሰማ ሳይሆን ምን ያህል ማሰማት እንደ ቻለ መጠየቁ ለማንኛውም ሥራ የሚሆን ልማድ ነው።

ስለ ሥልጠና አሰጣጥ ካነሣን ኮልፌ ራሱ የሚጠቅሰው ታሪክ አለው። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት በኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ወታደራዊ ትምህርት ተምረዋል። በራሳቸው የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ እንደ ጻፉት፣ ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት በልምምድ ላይ ይቈያሉ፤ ታጥበው ምሳ ከበሉ በኋላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ልምምዱ ይቀጥላል፤ ከ10 ሰዓት እስከ ምሽት ደግሞ በኋላ ጄኔራል የተባሉት ኮሎኔል ታደሰ ብሩ የጦርን ጥበብ በቃል ያስተምሯቸዋል። ስድስት ወር ይቈያል ተብሎ የታሰበው ትምህርት ሳይፈጸም ወደ አገራቸው ተጠርተው ሄዱ። ለእኛ የሚጠቅመው የቀኑ አከፋፈል ነው። ሰባቱ ሰዓት እጅን ማስለመጃ ነው፤ ንግግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ተማሪው ጠመንጃውን ይዞ፣ ተኩሶና ስቶ፣ ጥያቄ ካደረበት ወዲያ ነው። በእኛ አዳራሾች ግን ንግግሩ ሰባት ሰዓት፣ ልምምዱ ከጊዜ የተረፈ ካለ ነው።

በዚሁ ክፍለ ከተማ በዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታልም ሌላ ምስክር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና የማገገሚያ ማዕከል ሆኖ ሲቋቋም ማሠልጠን የሚለው ቃል በስሙ ውስጥ ገባ። ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የመጡ የጤና ባለሙያዎች የሠለጠኑት በሽተኛው ባለበት ሥፍራ ነው። የመማሪያውና የመሥሪያው ቦታ አንድ ሲሆን የተማሩትን ወደ ሥራ የማዛወር ችግር በግማሽ ይቃለላል።

ለሱቅና ለመጋዘን የሚስማማው ስልት አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ያስፋፉት ነው። ሥሩ ቻርልስ አለን የተባለ መምህር በመጀመሪያው ጦርነት ዘመን የመርከብ ሠራተኞችን ያሠለጠነበት ዘዴ ሲሆን፣ ከ1940 እስከ 1945 ባሉት ዓመታት ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ሠለጠኑበት። አራት እርምጃ አለው፤ ሠራተኛውን ማዘጋጀት፣ ሥራውን ማሳየት፣ ራሱን ማሠራት፣ ከዚያም መከታተል።

እንዲህ ከተባለ ቀላል ይመስላል፤ ችግሩ ከማሳየቱ በፊት ያለው ዝግጅት ነው። ዕቃ ወደ መጋዘን መረከብን እንውሰድ። አሠልጣኙ አስቀድሞ በአንድ ወረቀት በግራ በኩል የሥራውን ተራ ይጽፋል፤ ኢንቮይሱን መያዝ፣ ካርቶኑን መቍጠር፣ የማብቂያ ቀኑን ማንበብ፣ መደርደር፣ በካርድ ላይ መመዝገብ። በቀኝ በኩል በያንዳንዱ ተራ ላይ ሥራውን የሚያበላሸውን ወይም የሚያሳምረውን ነገር ይጽፋል። ለምሳሌ በመቍጠሩ አጠገብ «ሾፌሩ ከመሄዱ በፊት»፤ ምክንያቱም ከሄደ በኋላ የጎደለውን ማስተካከል አይቻልም። በመደርደሩ አጠገብ «አዲሱ ከኋላ፣ የቆየው ከፊት»፤ ምክንያቱም ሻጩ እጁ ወደ ቀረበው ይዘረጋል። በመመዝገቡ አጠገብ «እዚያው ቆመህ»፤ ምክንያቱም ማታ እመዘግባለሁ የተባለ ቍጥር ከማታው አይደርስም። ነባሩ ሠራተኛ እነዚህን ሁሉ ያውቃል፤ ነገር ግን እጁ ስለ ለመደ ማወቁን አያውቀውም። ስለዚህ «እያየህ ልመድ» የተባለው ልጅ የግራውን ተራ ያያል፣ የቀኙን ግን አያየውም። ወረቀቱን ለማዘጋጀት ከነባሩ ጋር ቁጭ ብሎ «ይህን ለምን እንዲህ ታደርጋለህ?» እያሉ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢወስድ ነው።

ከዚያ በኋላ አሠልጣኙ ሥራውን እየሠራ ያሳያል፤ በሁለተኛው ጊዜ ቁልፍ ነጥቦቹን እየተናገረ፣ በሦስተኛውም ምክንያታቸውን እየጨመረ። ቀጥሎ ልጁ ራሱ ይሠራል፤ እየሠራም ነጥቡንና ምክንያቱን ይናገራል። ዝም ብሎ በትክክል የሠራ ሰው ዛሬ ዕድል ረድቶት ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ ለብቻው ይለቀቃል፤ ችግር ሲገጥመው የሚጠይቀው ሰው በስም ይነገረዋል፤ በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ በኋላ እያደር ይጐበኛል።

ሁሉ ጉድለት ግን በሥልጠና አይድንም። ሜገርና ፓይፕ የተባሉ ሁለት ጸሐፊዎች በ1970 ባሳተሙት መጽሐፍ ያቀረቡት መፈተሻ ለነጋዴ የሚመች ነው፤ ሠራተኛው ሕይወቱ በዚያ ላይ ቢንጠለጠል ሥራውን ሊሠራው ይችል ነበርን? የሚችል ከሆነ ዕውቀት አልጎደለውም፤ ምክንያቱ ከሌላ ስፍራ ይፈለግ። የዕቃ መቈጣጠሪያው ካርድ በሥራ አስኪያጁ መሳቢያ ተቆልፎበት የሚውል የመጋዘን ሠራተኛ ስለ አመዘጋገብ ሁለት ቀን ቢማር ምን ይጠቅመዋል? የቡና ለቃሚዋ የሚከፈላት በኪሎ ብቻ ከሆነ፣ ስለ ጥራት የሚነገራትን ሰምታ ወደ ፍጥነቷ ትመለሳለች፤ በእርስዋ አይፈረድም። የሽያጩ መሣሪያ በየጊዜው እየተበላሸ ደረሰኝ የማይቈርጥ ሻጭም እንዲሁ ነው። ብዙ የሥልጠና ገንዘብ የሚጠፋው በእንዲህ ያለው ቦታ ይመስለናል፤ መሳቢያውን መክፈት ያለምንም ወጪ ሲቻል።

ያ የአሜሪካኖች ስልት ከጦርነቱ በኋላ ወደ ጃፓን ተሻገረ፤ ካይዘን ለሚባለውም አሠራር አንድ ምንጭ ሆነ። ካይዘን ወደ እኛ የመጣው በጃፓን እርዳታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2009 እስከ 2011 በ30 ፋብሪካዎች ከተሞከረ በኋላ ሲሆን፣ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ የሚባሉትን አምስቱን «ማ»ዎች በግድግዳ ላይ የለጠፈ ድርጅት ብዙ ነው። ከአምስቱ የሚከብደው የመጨረሻው መሆኑን የሞከረው ሁሉ ያውቃል፤ ማዝለቅ ከላይ የተናገርነው አራተኛው እርምጃ ነውና።

ነጋዴዎች በግልጽ የማይናገሩት፣ በልባቸው ግን የሚይዙት አንድ ሥጋት አለ፤ «አሠልጥኜ ለጐረቤት!» የሚል። ነባሩ ሠራተኛም የራሱ ሥጋት አለው፤ የሚያውቀውን ሁሉ ካሳየ ቦታውን በርካሽ ደመወዝ ልጁ እንዳይወስድበት ይፈራል፤ ስለዚህ ግማሹን ይደብቃል። ሁለተኛውን ሥጋት ማስወገድ በባለቤቱ እጅ ነው። ያሠለጠነውን ሰው ቍጥር እንደ ሥራ ቈጥሮ ጭማሪ ቢሰጠው ይናገራል፤ ካልሰጠው አይናገርም፤ ወቀሳም አያናግረውም። ስለ መጀመሪያው ደግሞ የመርካቶን የንግድ ልማድ ማስታወስ ይበቃል። ከዘመድ ቤት ሱቅ ጠብቆ ያደገ ልጅ በኋላ የራሱን ሱቅ ሲከፍት ዕቃ የሚያወጣው ከቀድሞ አለቃው መጋዘን ነው፤ ጅምላ ሻጩም በዱቤ ለመስጠት ከማንም ይልቅ ያንኑ ያሳደገውን ልጅ ያምናል።

ሥጋቱን በውል ለማቅለል ለሚፈልግ ባለቤትም ሕጉ መንገድ አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ዕድሜው ከ15 ዓመት ያላነሰን ሰው በለማጅነት በጽሑፍ ውል መያዝን ይፈቅዳል፤ በውሉም የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ እንዲሁም በሥልጠናው ጊዜ የሚከፈለው ገንዘብ መገለጽ አለበት። መደበኛ ሠራተኛ ለቀጠረ ደግሞ የሙከራው ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ይደርሳል። በቀን አንድ ሰዓት ቢመደብ 60 ሰዓት ነው፤ የእንግሊዝ ፖስተኞች ፊደል ሰሌዳቸውን ካወቁበት ሰዓት በእጅጉ ይበልጣል። ባለቤቱ በመጀመሪያው ሳምንት የመረከቡን ወረቀት፣ በሁለተኛው የሚዛኑን፣ በሦስተኛው የደረሰኙን እያለ አንድ አንዱን ቢያስይዝ፣ በ60ኛው ቀን ልጁን ለማስቀረት ወይም ለማሰናበት ሲወስን የሚያመዛዝነው በስሜት ሳይሆን በየወረቀቱ ላይ በሰፈረው ምልክት ይሆናል።