የጥር ወርቅ በሐምሌ ዝናብ፤ ወርቃማ ስቲከር እንዴት ይለጠፋል፣ እንዴትስ ይታሸጋል?

ጥር 23 ቀን እንጅባራ በፈረስ ትሞላለች። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን የሚያከብረው በዚህ ቀን ነው። ፈረሱ ተሸልሞ ሲወጣ ከተማውም አብሮ ይሸለማል፤ በበጋው ፀሐይ ወርቃማ ፊደል የተለጠፈበት ታፔላ ዓይንን ከሩቅ ይጠራል። ስድስት ወር ቆይቶ ግን ሐምሌ ይገባል። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው እንጅባራም ሆነ በባሕር ዳር መንገድ ላይ ባለችው ዳንግላ ክረምቱ የዋዛ አይደለም። ወርቁ የሚፈተነው ያኔ ነው።

ወርቃማ ስቲከር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ተራው፣ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ከቀለሙ ጋር የተደባለቀበት ቪኒል ነው። ሁለተኛው በስስ የፕላስቲክ ንጣፎች መካከል የአሉሚኒየም ሽፋን ያለበትና በቢጫ ቀለም ወርቅ የመሰለው ነው፤ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቀው ይህ ነው። ሦስተኛውና ውዱ እውነተኛ የ22 ካራት ወርቅ ቅጠል በቪኒል ላይ የተነጠፈበት ነው። በአሜሪካ የእሳት አደጋ መኪኖች በር ላይ የሚታየው ወርቃማ ጽሑፍ ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በዚህ ነው። ተቀጥቅጦ የሳሳ የወርቅ ቅጠል ውፍረቱ ከሚሊ ሜትር 10,000 እጅ አንዱ ያህል ብቻ ነው። ለመፋቅ ጥፍር ይበቃዋል።

የሦስቱም ድካም ያለው ጠርዛቸው ላይ ነው። የፊደሉ ፊት በፕላስቲክ ቢሸፈንም፣ መቁረጫው ባለፈበት መስመር ሁሉ ንጣፎቹ ተገልጠው ይቀራሉ። እርጥበት በዚያ ይገባና ሙጫውን ያላላል፤ አሉሚኒየሙንም ከዳር ወደ መሐል እየበላ ድምቀቱን ያጠፋዋል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ነው፤ ጉዳቱ የሚታየው ፊደሉ ከተላጠ በኋላ ነው።

የግዕዝ ፊደል ደግሞ ጠርዙ ብዙ ነው። «አዊ» የሚለውን አጭር የአካባቢውን ስም እንኳ ተመልከቱ። «ዊ»ን ከ«ወ» የምትለያት ያች ትንሽ ጭረት ከሙጫው ጋር የምትገናኝበት ስፋት ጥቂት ነው። ባለሙያው ትርፉን ቪኒል በሹል ምላጭ ሲያነሳ ብዙ ጊዜ አብራ የምትነሳው እሷ ናት፤ ከተለጠፈች በኋላም ቀድማ የምትላቀቀው እሷ ናት። ስለዚህ ጥንቃቄው ከኮምፒውተሩ ይጀምራል፦ ጭረቷን ትንሽ ማወፈር፣ የሾሉ ማዕዘኖችን በጥቂቱ ማክበብ።

ከዚያ ፊደሉ የሚለጠፍበት ላሜራ ይዘጋጃል። ቀለሙ በደንብ መድረቅ አለበት፤ ትኩስ ቀለም ትነቱ ከስቲከሩ ሥር ተጠራቅሞ አረፋ ይሠራል። ገጹ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በአልኮል ይወለወላል። ሰዓትም ይመረጣል። ሙጫ ብርድ አይወድም፤ ከ10 ዲግሪ በታች አጥብቆ አይይዝም። ስለዚህ በእንጅባራ የጥር ማለዳ ከመታገል ረፋዱን መጠበቅ ይሻላል።

ሲለጠፍ ጽሑፉ በማንሻ ቴፕ ተደግፎ በቦታው ይለካና መሐሉ በቴፕ ይታሰራል። ከአንዱ ወገን ጀርባው ወረቀት ተልጦ ከመሐል ወደ ዳር ይዳመጣል፤ ቀጥሎ ሌላው ወገን። መዳመጫው ለስላሳ ጨርቅ ይጠቀለልበት፤ መስታወት መሰል ገጽ ላይ አንዲት ጭረት ለዘላለም ትታያለች። ብዙዎች ለማንሸራተት እንዲመች ሳሙና ያለበት ውኃ ይረጫሉ፤ ለወርቃማው ግን ደረቁ ይመረጣል፤ ከሥር የቀረ ውኃ መውጫ የለውምና። የግድ ከተረጨ ሳይታሸግ ቢያንስ አንድ ቀን ይደር።

አሁን ማሸጉ ነው። የመኪና ቀለም ቀቢዎች ክሊር የሚሉት ዓይነት ብርሃን አሳላፊ ቫርኒሽ በለስላሳ ብሩሽ በጠርዙ ዙሪያ ይቀባል፤ ግማሹ ፊደሉ ላይ፣ ግማሹ ላሜራው ላይ እንዲያርፍ፣ ስፋቱም ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲሆን። ጽሑፉ ደቃቅ ከሆነ ሰሌዳው በሙሉ ይሸፈናል። አንድ ወፍራም ቅብ ከመደረብ ሁለት ስስ ይሻላል። ቅድሚያ ግን በቁርጥራጭ ላይ ይሞከር፤ ኃይለኛ ማሟሟያ ያለበት ክሊር ቪኒሉን ያኮማትረዋል። ፀሐይን የሚቋቋም መሆኑም ይታይ፤ ከባሕር ወለል በየ1,000 ሜትሩ ከፍ ሲባል የፀሐይ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ደጋው ብርድ ቢሆንም ፀሐዩ ይበላል። ከመቆረጡ በፊት ላሚኔት የተደረገ ስቲከርም ከዚህ ሥራ አያመልጥም፤ ላሚኔቱ ፊቱን እንጂ ጠርዙን አይሸፍንም።

ማሸጉ የሚወስደው ጊዜ ከለጠፋው ያነሰ ነው። ሆኖም ደንበኛው ሲረከብ ስለማያየው ቀድሞ የሚዘለለው እሱ ነው። ታፔላ የምታሠሩ ሁሉ ከዋጋው ጋር ስለ ጠርዙም ጠይቁ። በተከታዩ ጥር፣ ፈረሶቹ ዳግም ሲወጡ፣ ጥፍራችሁን በፊደሉ ዳር ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉ። ጥፍራችሁ ካልተደናቀፈ ሐምሌም መግቢያ አላገኘም ማለት ነው።