ወደቡና ወገቡ

አርሂባን የወገብ ሰፈር ብሎ መጥራት ማጋነን አይሆንም። ከጂቡቲ ወደብ ብዙም ሳትርቅ የተቆረቆረችው፣ ከሰሜን የመጡ አፋሮች የመርከብ ጭነት እያወረዱ እንዲኖሩባት ነው። ኮንቴይነሩን ዛሬ ክሬን ያነሳዋል። ጆንያው ግን አሁንም የሰው እጅ ይፈልጋል፤ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄደው የማዳበሪያ ከረጢት 50 ኪሎ ይመዝናል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ለአዋቂ ወንድ ያስቀመጠው የሸክም ጣሪያ 55 ኪሎ ነው። አንድ መቶ ኪሎ ኩንታል በጀርባው የሚያመላልስ የመርካቶ ወዛደር ይህን ቢሰማ ይስቃል።

ጭነቱን ከተረከበው ሹፌር ፊት ደግሞ በጋላፊ በኩል እስከ አዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጠብቀዋል። የመኪናው ንዝረት ሰዓታት ሙሉ የወገብን ጡንቻ ያደክማል። ሹፌሩ ከጋቢና ዘሎ ይወርድና ወዲያው ጎንበስ ብሎ ጎማ ያነሳል፤ ብዙ ሹፌሮች «ቀጭ አለብኝ» የሚሉት እዚያች ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ፊት የሚደርሰው ሌላውን በር ሁሉ አንኳኩቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። የዲክሎፌናክ መርፌ ተወግቷል፤ ወጌሻ አሽቶታል፤ ዋግምት ተደርጎለታል፤ ቀበቶ ገዝቷል። በመጨረሻ የኤምአርአይ ፊልም በብብቱ ይዞ ይገባና ገና ሳይቀመጥ «ዲስኬ ተንሸራቷል» ይላል። ከሕመሙ ይልቅ ያስፈራው ይህ ቃል ነው። ከሰማው ወዲህ ጎንበስ ማለት ትቷል፤ ጫማውን የምታስርለት ሚስቱ ናት።

ባለሙያው ፊልሙን ወደ ጎን አድርጎ ሰውየውን ያያል። እግሩን ቀጥ አድርጎ ያነሳለታል፤ በጣቱና በተረከዙ ያስሄደዋል፤ ጉልበቱን በመዶሻ መታ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ምንም ሕመም የሌላቸውን 3,110 ሰዎች የጀርባ ምስል ሰብስቦ ነበር። የዲስክ ማርጀት ምልክት ከ20 ዓመት ወጣቶቹ በ37 በመቶው፣ ከ50 ዓመት ጎልማሶቹ ደግሞ በ80 በመቶው ላይ ታይቷል። ስለዚህ ፊልሙ ላይ የታየው ሁሉ የሕመሙ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። ይህን በወጉ ማስረዳት ራሱ ግማሽ ሕክምና ነው። በሽተኛው ግን ብዙ ጊዜ «ማሻሸቱስ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያለ ማሸት የተከፈለ ገንዘብ የባከነ ይመስለዋል።

ማሸት አይጠቅምም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ፣ ትምህርትንና የአካል እንቅስቃሴን ጨምሮ ከመከራቸው ሕክምናዎች መካከል ማሸትም አለ። የወገብ ቀበቶን፣ ወገብ መጎተትንና የአልትራሳውንድ ሕክምናን ግን አይመክርም። ቀበቶው ግን በየፋርማሲው ተሰቅሏል፣ ይሸጣልም። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም 619 ሚሊዮን ሰው የወገብ ሕመም ነበረበት፤ ያን ያህል ገዢ ያለው ዕቃ በአንድ መመሪያ ከገበያ አይወጣም።

መንቀሳቀስ ግን ምንም አይሸጥም፤ ታዋቂ ያልሆነውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ከወገብ ሕመም ያገገሙ 701 ሰዎችን አሳተፈ። ግማሾቹ በፊዚዮቴራፒስት እየተመከሩ በእግር መሄድ ጀመሩ። ለእነዚህ ሕመሙ እስኪመለስ ድረስ ያለው መካከለኛ (ሚዲያን) ጊዜ 208 ቀን ሆነ፤ ምንም ላልተደረገላቸው 112 ቀን ነበር። በጂቡቲ የሐምሌ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ መሄድ ያለበት ጎህ ሲቀድ ነው። ከሰዓት በኋላ ጫቱ ከኢትዮጵያ ሲገባ ከተማው በሙሉ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ መብራዝ በሚባለው የጫት መቃሚያ ክፍል ውስጥ በአንድ ክንድ ተደግፎ አምስት ሰዓት ላሳለፈ ወገብ ባለሙያው ሊሰጠው የሚችለው ምክር «በየመሀሉ ተነሳ» ነው፤ የሚሰማው ግን ጥቂት ነው።

እንቅስቃሴ የማይፈታው የወገብ ሕመምም አለ። ሽንት መያዝ ወይም መሽናት ያቃተው፣ በብልቱና በመቀመጫው አካባቢ የደነዘዘው፣ እግሩ በድንገት የሰነፈ ሰው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ አለበት። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም መክሳት ያለበትም መጀመሪያ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ የአከርካሪ ቲቢ በዚህ ቀጣና እንግዳ አይደለም፤ ያልፈላ የግመል ወተት የሚጠጣ ሰው ላይም ብሩሴሎሲስ ይጠረጠራል። ጥሩ ፊዚዮቴራፒስት እነዚህን የሚጠይቀው እጁን ከማሳረፉ በፊት ነው።

ኢትዮጵያ ባለሙያዎቹን ታሠለጥናለች፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሰለ ነባር ትምህርት ቤት አላት። ባለሙያዎቹ የሚሠሩበት ሆስፒታል ግን ለሹፌሩ ሩቅ ነው። ሹፌሩ ያለው ከጂቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው ፒኬ 12 ነው፤ መኪናውን አቁሞ ወረፋውን እየጠበቀ ቀኑን ሥራ ፈትቶ ይውላል። ጭነት አስተላላፊ ድርጅቶች ተባብረው እዚያ ጥላ ሥር አንድ ክፍል ቢከራዩ፣ አንድ ፊዚዮቴራፒስት ቢቀጥሩ፣ ምንጣፍ ቢያነጥፉ ብዙ ወጪ አይሆንባቸውም። ሹፌሩ ከመርፌው በፊት የሚያንኳኳው በር አለው ማለት ነው፤ ጊዜ እንደሆነ በፒኬ 12 ሞልቷል።