ጣሪያ ከመድፈን በፊት ወሩን ማየት

ባሕር ዳር ላይ ቆርቆሮ ክዳን ቤት ያለው ሰው ግንቦት ሲገባ ሁለት ነገር ያሳስበዋል፦ የሚያፈስ ጣሪያና የሌሊት ወፍ። ሁለቱንም ባንድ ቀን ለመገላገል አናጺ ይጠራል። አናጺው በጠራራ ፀሐይ ይመጣል፤ የላላውን ምስማር ይመታል፣ በግድግዳውና በክዳኑ መሐል ያለውን ክፍተት ይደፍናል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ጥቂት ቆይቶ ኮርኒሱ መሽተት ይጀምራል። ያኔ ነው ሰው እኔ ዘንድ የሚመጣው፤ ዕድሜዬን ባዮሎጂ ሳስተምር ስለኖርኩ ጡረታ ብወጣም ጥያቄው አልቀረልኝም።

«መምህር፣ በርበሬ ባጨስባትስ?» ይሉኛል አንዲት ትልቅ ጎረቤቴ።

«እማማ፣ ጭሱ እሷ ጋ ሳይደርስ የሚያስለው እርስዎን ነው» እላቸዋለሁ።

ተረቱ የሌሊት ወፍ ግብር ላለመክፈል ወፎች ሲመጡባት አውሬ ነኝ፣ አውሬዎች ሲመጡባት ወፍ ነኝ አለች ይላል። ኦሪት ዘሌዋውያንም በምዕራፍ 11 ከማይበሉት ወፎች ጋር ይቆጥራታል። ለጣሪያ ጉዳይ ግን ዋናው ነገር አጥቢ መሆኗ ነው፤ ታረግዛለች፣ ትወልዳለች፣ ታጠባለች። በአፍሪካ ነፍሳት ከሚበሉት ዝርያዎች ብዙዎቹ የሚወልዱት ዝናቡን ጠብቀው ነው። ዝናብ ሲጥል ክንፋም ምስጡ ከመሬት ይፈላል፣ የእሳት ራቱና ጥንዚዛው ይበዛል፤ የምታጠባ እናት የምትፈልገው ይህንን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ባንዴ የምትወልደው አንድ ብቻ ነው። ልጁ ፀጉር የለውም፣ መብረርም አይችልም። እናቱ ማታ ለአደን ስትወጣ ኮርኒሱ ውስጥ ከእኩዮቹ ጋር ተጠጋግቶ ይጠብቃታል።

እንግዲህ ከዝናቡ በፊት ጣሪያ ስንደፍን የምንዘጋባቸው ባብዛኛው እርጉዞች ናቸው፤ ሰኔና ሐምሌ ላይ ከሆነ ደግሞ ግልገሎቹን ነው። ሽታው የሚመጣው ከዚያ ነው።

ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ቆርቆሮ ሥር መኖር የለመደች፣ ጅራቷ ከክንፏ ቆዳ ወጣ ያለ አንዲት ትንሽ ዝርያ አለች። ክብደቷ ከ10 ግራም ብዙ አይርቅም። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሥር ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ እንኳ ትችለዋለች። በደቡብ አፍሪካ በተጠናው መሠረት በአንድ የዝናብ ወቅት እስከ ሦስት ጊዜ ትወልዳለች። ትንሿ ጣታችን የምታልፍበት ቀዳዳ ለመግቢያ ይበቃታል። እንጨት አትቆረጥምም፣ ሽቦ አትበላም፣ ጎጆም አትሠራም። ሌሊት ሲቆረጠም የምትሰሙት አይጥ ነው፤ ክሱ ግን ዘወትር ለሌሊት ወፍ ይደርሳታል።

በበጋ ነገሩ ይለወጣል። ነፍሳቱ ይቀንሳሉ፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ሲመጣ ጉልበቷን ለመቆጠብ ስታርፍ የሰውነቷን ሙቀት ዝቅ ታደርጋለች። የአውሮፓዎቹ በዚህ ዘዴ የብርዱን ወራት ተኝተው ያሳልፋሉ። እንግሊዝ አገርማ ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ ማደሪያቸውን ማፍረስ በሕግ ያስከስሳል፤ እኛ ጋ ይህን ብናገር ሳቅ ነው የሚያተርፍልኝ።

ስለዚህ ማስወጣት ካለባችሁ ከኅዳር እስከ ጥር አድርጉት፤ ያኔ የክረምቱ ልጆች በርረዋል። መጀመሪያ አመሻሽ ላይ ደጅ ቁሙና በየት በየት እንደሚወጡ ተመልከቱ። ከዋናው መውጫ በስተቀር ሌላውን ክፍተት ድፈኑ። በመውጫው ላይ አሮጌ አጎበር ከላይና ከጎን አጥብቃችሁ ምቱ፤ ታቹን ልቅ አድርጋችሁ ከቀዳዳው ግማሽ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል። ስትወጣ ግድግዳውን ተከትላ በታች ትሾልካለች፤ ስትመለስ ግን በቀዳዳው አቅጣጫ ስለምትመጣ አጎበሩ ያግዳታል። ሳምንት ያህል ተዉት። ማታ የሚወጣ ከጠፋ በኋላ ቀዳዳውን ድፈኑ።

ትንኝ ስለምትበላ ወባን ታጠፋልናለች የሚሉም አሉ። ይህን አላጋንንም፤ ትንኝ ትበላለች፣ ይሁንና ምግቧ ብዙ ዓይነት ነው፤ አጎበርን የሚተካ አይደለም። ከእርሻ ተባይ የምትቀንሰው ግን በእርግጥ የሚናቅ አይደለም። እኔ የማልተኛበት ክፍል ላይ ቢሆኑ አልነካቸውም ነበር።

ኩሷን ስታጸዱ ደረቁን አትጥረጉ፤ አቧራው ሳንባ የሚያሳምም ሻጋታ ሊኖረው ስለሚችል ውሃ ርጩበት፣ አፍንጫና አፋችሁን ሸፍኑ። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ባብዛኛው የሚመጣው ከውሻ ቢሆንም የሌሊት ወፍም የዚያ ቤተሰብ ቫይረሶች ሊኖሩባት ይችላሉ። መኖሪያ ክፍል የገባችውን መብራት አጥፍታችሁ መስኮት ክፈቱላት እንጂ በባዶ እጅ አትያዙ፤ ልጆችም እንዳይነኩ ንገሯቸው። ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ።