የአማርኛ ጥናታዊ ጽሑፍ በጆሮ ሲነበብ፤ ዲጂታል ኅትመትና ማየት የተሳናቸው አንባቢዎች

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በኮምፒዩተር ተዘጋጅተው የሚሠራጩ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ጥናቶች ማየት ለተሳናቸው አንባቢዎች የማይደርሱበትን ምክንያት መርምሮ፣ አጥኚዎችና አዘጋጆች ሊያደርጉ የሚገባቸውን ማመልከት ነው። ጉዳዩ የቴክኒክ ባለሙያዎች ብቻ ይመስላል። ይሁንና በእኔ እምነት ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው ስለ ፊደልና ድምፅ፣ ስለ ሰምና ወርቅ የምናስተምረውን ነው።

ወደዚህ ጥያቄ የመራኝ የማማክረው አንድ ዓይነ ስውር የማስተርስ ተማሪ ነው። እርሱም እንደ እኔ የባቲ ልጅ ሲሆን፣ የሚያጠናው በሰኞ ገበያችንና በአካባቢው በአማርኛና በኦሮምኛ የሚባሉ ቃል ግጥሞችን ነው። ግጥም ሰምቶ በመያዝ አልደርስበትም። የተቸገረው ስለ ግጥም የተጻፈውን ለማንበብ ነው። አንድ የቆየ ጽሑፌን በፋይል ብልክለት ኮምፒዩተሩ ያነበበለት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ድርድር ሆነ።

1. ከፊደሉ ጀርባ ያለው ቁጥር

የስክሪን ንባብ ፕሮግራም የፊደሉን ቅርጽ አያይም፤ የሚያነበው ከቅርጹ ጀርባ ያለውን መለያ ቁጥር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የራሱን ቁጥሮች ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የፊደላችንን ቅርጾች ለላቲን ፊደላትና ምልክቶች በተመደቡ ቁጥሮች ላይ ይጭኑ ነበር፤ አጫጫናቸውም አንድ ዓይነት አልነበረም። በመሆኑም ለዓይን አማርኛ የሆነው ገጽ ለማሽኑ አማርኛ አይደለም። በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የትምህርት ቋንቋ የሆነው ኦሮምኛ የሚጻፈው በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ነውና፣ በዚያው ዘመን በኦሮምኛ የተጻፈ ፋይል ቢያንስ ፊደሉ ለማሽኑ ይታወቃል። ተማሪዬ ከሁለቱ ቋንቋዎቹ በአንዱ የተጻፈው ሲከፈትለት ሌላው የተዘጋበት ከዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ስካን የተደረገ ገጽ ነው። ስካነር የሚያነሣው ምስል ነው፤ ፒዲኤፍ ተብሎ ቢቀመጥም በውስጡ አንድም ፊደል የለም። ምስልን ወደ ፊደል የሚለውጡ ፕሮግራሞች ለአማርኛም አሉ። ነገር ግን መልካቸው የሚቀራረብ ፊደላትን ስለሚያሳስቱ ውጤታቸው በሰው መታረም ይኖርበታል።

2. ድምፅ ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት

ችግሩን ያቃለልሁ መስሎኝ ያንኑ ጽሑፍ አንብቤ በድምፅ ቀዳሁለት። ተማሪው አዳምጦ ሲያበቃ፣ «መምህር፣ ያነበቡልኝ የእርስዎን ፍቺ ነው እንጂ ጽሑፉን አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነበር። የአማርኛ ጽሕፈት መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «ዳኛው ይመታል» የሚለው ዐረፍተ ነገር «መ» እና «ታ» ሲላሉ ዳኛውን መቺ፣ ሲጠብቁ ተመቺ ያደርገዋል። «ገና ነው» የሚለውም «ና» ሲጠብቅ በዓሉን፣ ሲላላ ያልደረሰ ጊዜን ያመለክታል። ኅብረ ቃል የሚኖረው ብዙ ጊዜ በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። በዓይኑ የሚያነብ ሰው ሁለቱንም ንባቦች ይዞ ይቆያል። ድምፅ ግን አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ አንባቢው ሰውም ሆነ ኢስፒክ ኤንጂን የመሰለ አማርኛን ያካተተ የድምፅ ማመንጫ ፕሮግራም፣ ሰሙንና ወርቁን አድማጩ ሳያውቅ ይለያይበታል። ቁቤ የሚጠብቀውን ድምፅ ደርቦ ስለሚጽፍ በኦሮምኛው በኩል ይህ ችግር አይገጥመውም።

የሞክሼ ፊደላት ነገርም ከዚህ አይለይም። «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ሌብነትን ያመለክታል፤ በዛሬው አማርኛ ግን ድምፃቸው አንድ ነው። በዩኒኮድ ሠንጠረዥ «ሠ» 1220፣ «ሰ» ደግሞ 1230 ተብለው ተለይተዋል። ጽሑፉ በዩኒኮድ ከተቀመጠ አንባቢው በተጠራጠረበት ቃል ላይ ቆሞ የእያንዳንዱን ፊደል ቁጥር ፕሮግራሙን መጠየቅ ይችላል። በድምፅ ቅጂ ግን ልዩነቱ ፈጽሞ ይጠፋል። ስለዚህ መነሻው ሊሆን የሚገባው ትክክለኛው የፊደል ጽሑፍ ነው። ከእርሱ ብሬልም፣ ድምፅም፣ ደካማ ዓይን ላላቸው የጎላ ፊደልም ይወጣል። ከድምፅ ተነሥቶ ወደ ፊደሉ መመለስ ግን አይቻልም።

3. ከአጥኚውና ከአዘጋጁ የሚጠበቅ

አንደኛ፣ ጽሑፉ በዩኒኮድ ይጻፍ፤ የቀድሞ ፋይሎችም ይለወጡ። የቀድሞው ፎንት አጫጫን ከታወቀ ልወጣው በፕሮግራም ሊከናወን ይችላል። ሁለተኛ፣ ርእሶችና ንኡሳን ርእሶች ፊደልን በማጉላት ብቻ ሳይሆን በመጻፊያው ፕሮግራም የርእስ ስልት ይለዩ። አድማጭ ገጽ መግለጥ ስለማይችል ከክፍል ወደ ክፍል የሚዘለው በዚህ ነው። ሦስተኛ፣ ግጥም በምስል ወይም ጎን ለጎን በተደረደሩ ዓምዶች አይቅረብ፤ ፕሮግራሙ የአንዱን ስንኝ ከሌላው ሊያደባልቅ ይችላልና። አራተኛ፣ የብራና ገጽ ፎቶግራፍ ሲገባ በሥዕሉ የሚታየው በቃላት ይገለጽ። አምስተኛ፣ ትንተናው በመጥበቅና በመላላት ላይ ሲመሠረት የትኛው ፊደል እንደሚጠብቅ በግልጽ ይጻፍ፤ ይህ በዓይኑ ለሚያነበውም ይጠቅማል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ የችሮታ ጉዳይ አለመሆኑ ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ድንጋጌ እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። እ.ኤ.አ. በ2013 በማራኬሽ የተደረሰውና በ2016 በሥራ ላይ የዋለው ስምምነት ደግሞ የታተሙ ሥራዎችን ዓይነ ስውራን ሊያነቧቸው በሚችሉበት መልክ አባዝቶ ለማሠራጨት የቅጂ መብት እንቅፋት እንዳይሆን ይደነግጋል። ሆኖም ሕግ የሚፈቅደው መለወጥን ነው፤ በምስል የተዘጋ ገጽ ደግሞ አስቀድሞ ወደ ፊደል መመለስ ያሻዋል።

ለማጠቃለል ያህል፣ ያን የቆየ ጽሑፌን በዩኒኮድ እንደገና ጽፌ ለተማሪዬ ሰጠሁት። በሳምንቱ ግጥሞቹን ከፈታሁበት መንገድ የማይስማማባቸውን ሁለት ቦታዎች ጠቅሶ፣ «ሠረቀ» ለማለት በ«ሰ» የጻፍሁትንም አንድ ቃል አርሞ መለሰልኝ። ከዚያ በፊት ያ ጽሑፍ በብዙ ዓይናማ ተማሪዎች እጅ አልፎ ነበር፤ ስሕተቱን ግን ማንም አልነገረኝም።